"እጅ አጠረን" ያለ ቲያትር ቤት የሂሳብ መዝገቡን ይክፈት

"ለትርፍ ያልተቋቋመ" የሚለውን ሰው ሲሰማ "ደሃ" ማለት ይመስለዋል፣ አንዳንድ አሰሪ ደሞ "በርካሽ የሚሠራልኝ" ማለት ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም እኮ። አሜሪካን አገር 501ሲ3 የሚባለው የታክስ ሕግ የሚለው ነገር ቀላል ነው፣ ቤቱ ያተረፈውን የሚከፋፈል ባለቤት የለውም፣ የተረፈው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ በቃ። ለሠራተኛ ተገቢ ደሞዝ አትክፈሉ የሚል መስመር የትም ቦታ የለውም፣ ለዳይሬክተሩም ቢሆን ተገቢ ክፍያ ይፈቅዳል፣ ዳይሬክተሮቹ ደሞ ይሄን ክፍል በደንብ ያውቁታል።

ይሄን የማነሳው የሙዚቃ ቲያትር ቤቶችና የሠራተኛ ማህበር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ያው አንድ ዘፈን ስለምሰማ ነው። "እኛ እኮ ካምፓኒ አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን፣ ዩኒየን መሃላችን ሲገባ ቤቱ ይዘጋል።"

አትላንቲክ ቲያትር ካምፓኒን ውሰዱ። ኒውዮርክ ያለ፣ በ1985 የተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ለትርፍ ያልቆመ ትንሽ ቤት ነው፣ ግን እዛች ጠባብ መድረክ ላይ የተጀመሩ ሚውዚካሎች (በዘፈንና በዳንስ የሚተወኑ ቲያትሮች) ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትልልቅ የንግድ ቲያትሮች ጋ ማለት ነው፣ ሄደው ቶኒ የሚባለውን ትልቁን የቲያትር ሽልማት ጠርገዋል፣ «ስፕሪንግ አወይክኒንግ» 8፣ «ዘ ባንድስ ቪዚት» 10፣ «ኪምበርሊ አኪምቦ» 5። ተዋናዮቹ የራሳቸው ማህበር ኮንትራት ነበራቸው። አጠገባቸው ጨለማ ውስጥ ቆመው መብራቱን፣ ድምፁን፣ አልባሳቱን የያዙት ልጆች ግን አልነበራቸውም። በ2024 ድምፅ ሰጥተው አያትሲ የሚባለውን፣ ከ1893 ጀምሮ ያለውን የመድረክ ሠራተኞች ዩኒየን መረጡ፣ ድርድሩ ተጎተተ ተጎተተና በጃንዋሪ 2025 ሥራ አቆሙ፣ በዝግጅት ላይ የነበሩ ሁለት ትርኢቶችም አብረው ቆሙ። ሁለት ወር ገደማ ከፈጀ በኋላ ተስማሙ። በዛ መሃል ስንቱ "ዩኒየን አንድ ትንሽ ቲያትር ገደለ" እያለ ሙሾ ሲያወርድ ነበር፣ የሞተ ግን አልነበረም።

በነገራችን ላይ "የመድረክ ሠራተኛ" ሲባል ዕቃ ተሸካሚ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ሚውዚካል ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኖ ማየት አለበት። አንዷ ተዋናይ እየዘፈነች ትወጣለች፣ በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ቀሚስ፣ ሌላ ዊግ፣ ሌላ ጫማ ሆና ትመለሳለች፣ በጨለማ ውስጥ ዚፑን የዘጋላት ሰው አለ፣ ማይኩ ላብ ገብቶበት ከሆነ እዛው የቀየረላት ሰው አለ። ስቴጅ ማናጀሩ በጆሮ ማዳመጫ "ሂድ" ሲል ነው መብራቱም ግድግዳውም ኦርኬስትራውም አንድ ላይ የሚንቀሳቀሰው፣ እሱ ሁለት ሰከንድ ከዘገየ ከላይ የሚወርደው ዕቃ ሰው ጭንቅላት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኦርኬስትራው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ፍሉት፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን እየቀያየረ የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። ስዊንግ የምትባለዋ ደሞ የሰባት የስምንት ሰው ሚና በጭንቅላቷ ይዛ ዛሬ ማን ይታመም ይሆን እያለች ትጠብቃለች። ይሄ ሁሉ በትልልቆቹ ቤቶች በሳምንት ስምንት ጊዜ ነው። ከመክፈቻው በፊት ያለው ሳምንት ሲመጣ ደሞ ከ12 ሰዓት ውስጥ 10 ሰዓት ልምምድ ሚባል የቆየ ልማድ አለ፣ ያ 10 ሰዓት የተዋናዩ ነው እንግዲህ፣ ቀድሞ ገብቶ የሚያዘጋጀውና ሁሉ ከሄደ በኋላ የሚያጸዳው ሰው ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ብዙ ቤቶች ይሄን ልማድ ትተውታል፣ ጥሩ አደረጉ፣ ግን ዓለም አልጠፋም አይደል? እስከዛ ድረስ "ያለሱ ትርኢት አይወጣም" ነበር የሚባለው።

"ለጥበብ ፍቅር ስንል" የሚባለው ነገር መጨረሻው ምን እንደሚመስል ለማየት «ኤ ኮረስ ላይን» ከሚባለው ሚውዚካል የተሻለ ታሪክ አላውቅም። በ1974 መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ዳንሰኞች ተሰብስበው ሌሊቱን ሙሉ ሕይወታቸውን አወሩ፣ ልጅነታቸውን፣ እናት አባታቸውን፣ ያፈሩበትን ነገር ሳይቀር፣ ቴፕ ተቀዳ። ያ ወሬ ነው በፐብሊክ ቲያትር፣ ለትርፍ ባልቆመው ቤት ማለት ነው፣ ወደ ሚውዚካል የተቀየረው፣ ከዛ ብሮድዌይ ገብቶ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ፣ ፐብሊክን ራሱን ለዓመታት የመገበው ከዛ የመጣው ገንዘብ ነው። ዳንሰኞቹ ታሪካቸውን የሰጡበት ወረቀት ላይ የነበረው ዋጋ 1 ዶላር ነበር። አንድ። በኋላ ትንሽ ድርሻ ተደረገላቸው፣ ግን ያ ችሮታ ነበር፣ መብት አልነበረም። መብት ለመሆን 45 ዓመት ፈጀ፣ በ2019 የተዋናዮቹ ማህበር "አዲስ ትርኢት ስናዋልድ የምንሠራበት ልምምድ ላይ ከዚህ በኋላ አንገባም" ብሎ አንድ ወር ገደማ ካደመ በኋላ ነው የብሮድዌይ አዘጋጆች ትርኢቱ ወጪውን ከመለሰ ወዲያ ከትርፉ 1 በመቶ ለአዋላጆቹ ሊሰጡ የተስማሙት። እስከዛ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነበር ነገሩ።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የለም የሚሉት ሁሉ ውሸታሞች አይደሉም። ባውሞል እና ቦወን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ1966 የጻፉት ነገር እስከዛሬ አልተሻረም፣ ፋብሪካ ማሽን አስገብቶ በአንድ ሰዓት የሚያመርተውን እጥፍ ማድረግ ይችላል፣ ሃያ ሰው የሚዘፍነውን ኮረስ ግን ዛሬም የሚዘፍነው ሃያ ሰው ነው፣ ያውም በዛው ደቂቃ። ስለዚህ ወጪው ከትኬቱ ጋር እየተራራቀ ይሄዳል፣ ልዩነቱን ለጋሽ ይሞላዋል። ከወረርሽኙ በኋላ ደሞ ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ የመንግሥት የድጎማ ገንዘቡም አለቀ፣ በ2023 ሎስ አንጀለስ ያለው ማርክ ቴፐር ፎረም የሚባለው ቲያትር ቤት ለጊዜው ትርኢት ማቅረብ አቆመ፣ ፐብሊክም ከሠራተኞቹ 19 በመቶውን አሰናበተ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብም ብዙ ጊዜ "ለሕንፃ ብቻ" ወይም "ወለዱ ብቻ ይነካ" ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ ማናጀሩ ቢፈልግም ደሞዝ ሊያደርገው አይችልም።

ግን እዚህ ጋ ነው እኔ የምለየው። ጉድለቱ ካለ የሚሞላው ማነው? ባለሀብቱ 100 ሺህ ዶላር ሲሰጥ ስሙ ግድግዳ ላይ ይጻፋል፣ ከታክሱም ይቀነስለታል። ከሚገባት በታች እየተከፈላት ለአስር ዓመት ልብስ የሰፋችው ሴትዮም ለጋሽ ናት፣ ምናልባት ከገቢዋ አንፃር ከሱ በላይ ሰጥታለች፣ ግን ስሟ የትም የለም፣ በአሜሪካ የታክስ ሕግ ደሞ ሰው በነፃ የሰጠው ጉልበት ከታክስ አይቀነስም። ሳትጠየቅ ነው የለገሰችው። ዩኒየን ማለት ቢያንስ ቢያንስ ለግሺ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁኝ ማለት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ደሞ ይሄን የሚፈታ ሕግ ከድሮ ጀምሮ አለ፣ የሚገርመኝ ሰዉ አለማወቁ ነው። ትሩዊት የሚባል አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞቹ በሰዓት 10 ሳንቲም ጨምሩልን ሲሉት ከ2 ሳንቲም ተኩል በላይ ከጨመርኩ እከስራለሁ አለ፣ እሺ መዝገቡን አሳየን አሉት፣ እምቢ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1956 ያለው ነገር በአጭሩ፣ በድርድር ላይ አልችልም የሚል አሰሪ አለመቻሉን ሲጠየቅ ማሳየት ሊኖርበት ይችላል፣ ዝም ብሎ እምቢ ማለት ከቅን ልቦና ድርድር አይቆጠርም። ለዚህ ነው ብልጥ ጠበቃ የያዘ ቲያትር ቤት ጋዜጣ ላይ "አንችልም፣ እንዘጋለን" እያለ ድርድር ክፍል ሲገባ ቃሉን ቀይሮ "ይሄ ተመጣጣኝ አይመስለንም" የሚለው። አንችልም ካለ መዝገብ ይከፈታላ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መዝገቡ ባይከፈት እንኳን ፎርም 990 የሚባለው ዓመታዊ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ገቢው፣ ወጪው፣ የኃላፊዎቹ ክፍያ እዛ ላይ ተጽፏል፣ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። እኔ ስለ አንድ ቤት "ዩኒየን ሊያጠፋው ነው" የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ የማደርገው እሱን መክፈት ነው፣ አንዳንዴ እውነትም ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ አላገኘውም።

ዩኒየኑም መልአክ አይደለም። ለአንድ ሺህ ወንበር ቤት የተጻፈን ደንብ መቶ ወንበር ላለው ቤት ልጫን ካለ ያስቸግራል፣ ይሄን የሚክድ አይኖርም። ግን የሚያልቀው ቁጥር ላይ ቁጭ ሲባል ነው። በ2003 የብሮድዌይ ሙዚቀኞች (እሱ እንኳን የንግድ ቲያትር ነው) ቢያንስ ስንት ሰው ኦርኬስትራ ውስጥ ይኑር በሚለው ለአራት ቀን አድመው ነበር፣ አዘጋጆቹ በኮምፒውተር ሙዚቃ እንተካችኋለን ብለው ነበር፣ ተዋናዮቹና የመድረክ ሠራተኞቹ አብረዋቸው ሲወጡ ግን ጠረጴዛ ተገኘ፣ ትልልቆቹ ቤቶች ላይ ከ24-26 የነበረው ወደ 18-19 ወረደ። ሙዚቀኞቹ አጥተዋል እኮ፣ ግን ተደራድረው ነው ያጡት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በኢሜይል ተነግሯቸው አይደለም።

ስለ ኢሜይል ካነሳን፣ አድማ ሲኖር ትርኢት ይሰረዛል፣ ትኬት የገዛ ሰው ደሞ "በዚህ ፈታኝ ወቅት የትኬትዎን ዋጋ ወደ ልገሳ ይቀይሩልን" የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ቤቱን ስለምትወዱት እሺ ልትሉ ትችላላችሁ፣ አልፈርድም። እኔ ግን በአንድ መስመር ነው የምመልሰው፣ ሠራተኞቻችሁ መዝገቡን እናይ ብለው ጠይቀዋችኋል ወይ፣ ከጠየቁስ አሳያችኋቸው? መልሱ እስኪመጣ ብሬ ይመለስልኝ።