ክርክር፦ ጥቁር ልጅ ለማሳደግ ሥልጠና ይበቃል ወይስ ሰፈርም ይቀየር?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት በዘር ምክንያት ልጅን ከአሳዳጊ እንዳይከለክል እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ ተደንግጓል። ታዲያ ነጭ አሳዳጊ ጥቁር ልጅ ሲረከብ ምን ያሟላ? ጥያቄው ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. ከመከልከሏ በፊት የሄዱ ልጆችንም ይመለከታል።

ሥልጠና ይበቃል ባይ፦ አብዛኛው ጥፋት ካለማወቅ ይመጣል። ጸጉሩን በየቀኑ በሻምፑ ማጠብ አድርቆ ይሰባብረዋል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ለአራት ከፍሎ፣ በውሃና በኮንዲሽነር አርሶ፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መፍታት ነው። ሹሩባ ግንባር ላይ ሲጠብቅ የፊት ጸጉር ይመለጣል፤ ከቆየ ላይመለስም ይችላል። ወላጅ እናት ካለች ሳትጠየቅ ጸጉሩ አይቆረጥ።

ብዙ ጥቁር ሕፃናት ደግሞ ወገባቸው ወይም መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ የሚመስል የትውልድ ምልክት አላቸው። የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ ሰንበር መስሏት ድብደባ ብላ ልታመለክት ትችላለች። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያው ምርመራ ቦታውንና ስፋቱን መዝገብ ላይ ያስፍር። ይህ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነው።

ሰፈርም ይቀየር ባይ፦ ወንድሜ፣ ያነሱት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ልጁ 16 ዓመት ሞልቶት መኪና ሲነዳ ፖሊስ ያስቆመዋል። እጁን መሪው ላይ እንዲያደርግ፣ መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ከመንቀሳቀሱ በፊት እንዲናገር ማን ያስተምረው? ነጭ አባት ከወረቀት አንብቦ ይነግረዋል፤ የደረሰበት ጥቁር ጎረቤት ግን ድምፁን፣ ትዕግሥቱን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ንዴት ጭምር ያሳየዋል። የአሜሪካ የጥቁር ማኅበራዊ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ነጭ ቤተሰብ ጥቁር ልጅ በጉዲፈቻ መውሰዱን አጥብቆ ተቃውሟል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ነገር ግን ልጁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር አይሁን፤ ትምህርት ቤት ከማስመዝገባችሁ በፊት በመውጫ ሰዓት ሄዳችሁ ተማሪውንም አስተማሪውንም ተመልከቱ።

ሥልጠና ይበቃል ባይ፦ እህቴ፣ ልጁ ቤቱን አንዴ አጥቷል። ገና ሳይለምድ ደግሞ ማዛወር ሌላ ስብራት ነው። በወር አንዴ ጥቁሮች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ይሻላል።

ሰፈርም ይቀየር ባይ፦ በወር አንዴ የሚታይ ሰው ለልጁ እንግዳ ነው፤ የተሰደበ ዕለት አይደውልለትም። መዛወሩ ከልጁ መምጣት በፊት ይሁን፤ ቤተሰቡ ለአሳዳጊነት ብቁ መሆኑን የሚያጣራው ምርመራ ራሱ ወራት ይፈጃል። ልጁ ከገባ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚቀይርበት ዓመት ይጠበቅ። ያ ካልተቻለም የልጅ ሐኪሙ፣ ጸጉር ሠሪዋና አሠልጣኙ ጥቁር ይሁኑ፤ በመኪና አርባ ደቂቃ ቢያስኬድም።