የባህር ሸሽ መሬት ድንበሩ የት ነው?

የጣና ሐይቅ በመስከረም ሞልቶ ከጥቅምት ወዲህ ቀስ በቀስ ሲያፈገፍግ የሚገለጠውን ጥቁር አፈር የደንቢያና የፎገራ ገበሬ «ባህር ሸሽ» ይለዋል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ይኸው መሬት ለሐይቁ ደግሞ ረግረግ ነው፤ ደንገልና ፊላ የሚበቅሉበት፣ ርብና ጉማራ ጠርገው የሚያመጡት ደለል የሚዘቅጥበት፣ ዓሣ የሚራባበት ዳርቻ ነው።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ እንዲጠበቅበት በታሰበ ቀጠናነት፣ መዝግቦታል፤ በዳርቻው እርሻ ይከልከል የሚለው ጥሪም ተደጋግሞ ይሰማል። እኔም ረግረጉ መጠበቅ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ቅሬታዬ ክልከላው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ሳይናገር መምጣቱ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርግም፣ ለገበሬው ያለ ክፍያ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል። ታዲያ ከይዞታው ሳይነቅሉት «አትረስ» ማለት ምን ይባላል? የመሬት ይዞታ ደብተሩ በእጁ እንዳለ በሬዎቹ ከማሳው ወጥተዋል። በእኔ እምነት ይህ ከመነቀል የሚለየው በስም ብቻ ስለሆነ፣ ካሳውም እንደ መነቀል ተቆጥሮ አስቀድሞ ሊከፈለው ይገባል። ባህር ሸሹ በደብተሩ ያልሰፈረለት ገበሬማ አቤት የሚልበት ወረቀት እንኳ የለውም።

ሌላው ችግር ድንበሩ ነው። ከውኃው ዳር ይህን ያህል ሜትር ሲባል ልኬቱ የሚጀምረው ከመስከረሙ ዳር ነው ወይስ ከግንቦቱ? እንደ ፎገራ ባለ ሜዳ ላይ ውኃው በቁመት ትንሽ ሲወርድ ዳሩ ብዙ ይርቃል፤ የሐይቁ መውጫም የሚለቀቀውን ውኃ በሚቆጣጠረው በጨራ ጨራ በር ከተገደበ ወዲህ የውኃው ከፍታ በሰው እጅም ጭምር የሚወሰን ሆኗል። ድንበሩን የማያውቅ ገበሬ ነገ እንዳይቀማ ስለሚሰጋ ዛሬውኑ ደንገሉን መንጥሮ ወደ ውስጥ ያርሳል፤ ረግረጉን ለማዳን የወጣ ደንብ በዚህ መንገድ ረግረጉን ያስበላዋል። ስለዚህ የመስከረሙ ከፍተኛ የውኃ ልክ ተይዞ፣ የቀበሌው ነዋሪ በተገኘበት በዓይን የሚታይ ችካል ይተከል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ባለመብትም አለ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ደንገሉን በማጭድ አጭዶ፣ ዳር ላይ አስጥቶ፣ አስሮ ታንኳ ሲሠራበት ኖሯል። አላረሰውም፣ አላጠረውም፤ ኑሮው ግን በዚያው ነው። ረግረጉ በወል ይዞታነት ተመዝግቦ ደንገል አጫጁም እርሻውን የሚተወው ገበሬም በስማቸው ቢጻፉበት፣ ጠባቂው ከሩቅ የሚላክ ሠራተኛ ብቻ አይሆንም።