ላቦራቶሪ ለምኔ!

የባሕር ዳር ሰው ለምርምር ያለውን ፍቅር ማየት የሚፈልግ ክረምቱ ወጥቶ ወባ እስክትበረታ ይጠብቅ። አንድ ልጅ ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣቱን እስኪወጋ የሚታገሥ ጎረቤት የለም። ሽምብጥ ሰፈር ያየኋቸው እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቅጠል ፈትተው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ «አፍልተሽ በባዶ ሆዱ አጠጪው» አሉ። የምን ቅጠል እንደሆነ ሲጠየቁ «ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ ልጄ!» ምስጢር ጠባቂነት ይሏል ይህ ነው።

ተመራማሪዎች ግን፣ እግዜር ይርዳቸውና፣ ነገር ማንዛዛት ይወዳሉ። ቅጠሉን አድርቀውና ፈጭተው ያወጡትን ንጥር ወባ ላስያዟቸው አይጦች አራት ቀን ይሰጣሉ፤ ከዚያ ደማቸውን በማይክሮስኮፕ እያዩ ተሕዋስያን ይቆጥራሉ። መጠኑስ? መርዝነቱስ? እያሉ ዓመት ይፈጃሉ። እኛ ዘንድ በአቦል ቅጠሉ ይመረጣል፣ በቶና መጠኑ ይቆረጣል፣ በበረካ ፈዋሽነቱ ይመሰከራል። አይጥም አናሠቃይም፤ የጎረቤት ልጅ እያለ! (እምቦጭ ጣናን ያን ያህል ወርሮ እስካሁን የወባ መድኃኒት አለመባሉ ይገርመኛል።)

ቻይናዊቷ የመድኃኒት ተመራማሪ ቱ ዩዩም ለወባ መድኃኒት ስትል ብዙ ደክማለች። ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጣ፣ ማፍላቱ ፍቱን ነገሩን ሳያጠፋው እንዳልቀረ ጠርጥራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 አርቴሚሲያ ከሚባል ቅጠል በዝቅተኛ ሙቀት ያወጣችው ንጥር አይጦቹን ፈወሰ። ለሕመምተኛ ከመስጠቷ በፊትም ራሷ ወሰደችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች፤ ጤና ጣቢያ የሚታደለው ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥም የዚያ ቅጠል ውጤት አለ። እኛ ግን ድስቱ እስኪጠቁር እናፈላለን፤ ከጎረቤት ቀድሞ መቅመስማ ነውር ነው።

ደግሞስ ቅጠላችን መቼ ከሽፎ ያውቃል? የወባ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ቀን ይዘላል፤ በዕረፍቱ ቀን ልጁ ተነሥቶ እንጀራ ሲጠይቅ እልልታው ለቅጠሉ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ ዝርያ ካልታከሙት አንጎል ድረስ ይዘልቃል፤ እሱ ሲሆን «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ልጁ መድኃኒቱን ሲጠጣ በር ላይ ጥላውን የጣለበት ሰው ይፈለጋል። ለጥላውም፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ እኒያ እናት ሌላ ቅጠል አላቸው።