ልጅ ይዞ ላውንጅ መግባት

ባለፈው የካቲት ለሰባት ሌሊት ካሪቢያን ባሕር ላይ ነበርን። የተነሳነው ፍሎሪዳ ውስጥ ካለው የፎርት ላውደርዴል ወደብ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችንና የአምስት ዓመቱ ወንድሟ። እኔና ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምንሠራው። በዓመት ውስጥ አራታችንም በተመሳሳይ ሰዓት የምንተኛው፣ በተመሳሳይ ሰዓት የምንነሳው ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቆጥበን እንሄዳለን።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የዘወትር ደንበኞች ላውንጅ ገባን። ብዙ የተጓዘ ሰው ብቻ በካርዱ የሚከፍተው ክፍል ነው። ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ባሕሩን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት፣ አርባ የማይሞሉ ወንበሮች። እኛ ወይን ያዝን። ልጆቹ የብርቱካን ጭማቂ። ትንሹ ታብሌቱን ከፈተ። ማዳመጫውን ካቢን ረስተነው መጥተናል። ካርቱኑ መጮህ ጀመረ። "ቀንስ" አልኩት፤ ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ጨመረው።

አጠገባችን አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጄን ቀና ብለው አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። እጃቸውን አንስተው አስተናጋጁን ጠሩና በጆሮው ነገሩት። እሱ ደግሞ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ እኛ መጣ። በጣም እየተሳቀቀ፣ "እመቤቴ፣ ድምፁን ትንሽ ቢቀንሱልኝ" አለኝ። በእኔና በሴትዮዋ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ባለቤቴ ከፋው። "ልጆቹም እንደኛ ካርድ አላቸው" አለ። ሴትዮዋ ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ እንደወጡ ነገሩኝ። "ልጅ እወዳለሁ። እዚህ የመጣሁት ግን አንድ ሰዓት የልጅ ድምፅ ሳልሰማ ልቀመጥ ነው" አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ድካም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጆች እንዲህ ዓይነት ክፍል ይግቡ ወይስ አይግቡ? ክሩዝ የሚወድ ሰው ባለበት ሁሉ የሚነሳ ክርክር ነው። እኛም ከመርከብ ከወረድን በኋላ መኪና ውስጥ እስከ ቤታችን ድረስ ተከራክረንበታል።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ለማያውቅ ሰው ጠቡ የሕፃን ጠብ ሊመስል ይችላልና። እኛ የሄድንበት ባይሆንም፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የመርከብ ኩባንያ፣ ሮያል ካሪቢያንን፣ እንውሰድ። አንድ ሌሊት ስትተኛ አንድ ነጥብ ታገኛለህ፤ ስዊት የሚባለውን ሰፊ ካቢን ከያዝክ እጥፍ ይሆናል። 80 ነጥብ ሲሞላ ዳይመንድ የሚባለው ደረጃ ላይ ትደርሳለህ፤ ላውንጁም ይከፈትልሃል። የሰባት ሌሊት ጉዞ ለሚሄድ ሰው ይህ አሥራ ሁለት ጉዞ ማለት ነው። የመጨረሻው ደረጃ፣ ፒናክል፣ 700 ነጥብ ይጠይቃል። መቶ ሳምንት ባሕር ላይ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ፣ ጡረታውን ይዞ፣ መቶ ሳምንት የተጓዘ ሰው ያንን ወንበር እንደ ርስቱ ቢያየው አይገርመኝም።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን አብሮ የሚኖር ከሆነ የወላጁን ደረጃ ይይዛል። አባቱ ዳይመንድ ከሆነ እሱም ዳይመንድ ነው፤ የመጀመሪያ ጉዞው ቢሆን እንኳ። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን "እኔ አሥር ዓመት የጠበቅኩበትን ይህ ሕፃን በምን ሒሳብ አገኘው?" ይላል። ሌላው ወገን "ለልጄም ከፍያለሁ፤ የት ላድርሰው?" ይላል። ከአሜሪካ በሚነሱት መርከቦች 21 ዓመት ያልሞላው ሰው አልኮል ስለማይሰጠው፣ ልጁ ከላውንጁ የሚያገኘው ጭማቂና ብስኩት ነው። ወንበር ግን ይይዛል። አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው መርከብ በ2024 ከማያሚ ሥራ ሲጀምር እስከ 7,600 መንገደኛ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ያህል ሕዝብ በሚጓዝበት ዓለም ውስጥ ጸጥ ያለ ወንበር ትልቅ ነገር ነው።

ልጅ አልባ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ ሞልቷል። ቫይኪንግና ቨርጂን ቮዬጅስ የሚባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ጨርሶ አያሳፍሩም። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ ሴሬኒቲ የሚለው ሥፍራ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የሮያል ካሪቢያን ሶላሪየም የሚባለው የመዋኛ ሥፍራ ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው። ለልጆቹም ከሦስት ዓመት ጀምሮ የሚቀበል የራሳቸው ክለብ አላቸው። ልጆቼ እዚያ መዋል ይወዳሉ። መርከቡ እንግዲህ በዕድሜ ተከፋፍሏል። አያት አንድ ፎቅ ላይ፣ ወላጅ ሌላ ፎቅ ላይ፣ ልጅ ሌላ ፎቅ ላይ። ቤተሰብ አብሮ ሊያርፍ መጥቶ በአሳንሰር ይገናኛል።

እኔን የቆረቆረኝ ግን የበሩ መዘጋትና መከፈት አይደለም። ያቺ ሴት ለልጄ ምንም አለማለታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው የአምስት ዓመት ልጅ አያስፈራውም። "የኔ ልጅ፣ ትንሽ ቀንሰው" ቢሉት ወዲያው ይቀንስላቸው ነበር። ግን አይሉም። እዚህ አሜሪካ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ቃል መናገር ጣጣ ነው። ወላጁ "ምን አገባህ?" ይላል። ስለዚህ አስተናጋጅ ይላካል፤ አስተናጋጁ ካልበቃ ሥራ አስኪያጅ፤ እሱም ካልበቃ ደንብ ይወጣል፤ በሩ ላይም ዕድሜ ይጻፋል። በሩ የተዘጋው፣ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ልጁን ማናገር ስለማይችሉ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ፣ ኡራኤል አካባቢ ባደግኩበት ሰፈር፣ የኔ እናት ከሥራ ሳትመለስ የሚቆጡኝ አምስት እናቶች ነበሩኝ። መንገድ ላይ ስሮጥ "አንቺ! ቀስ በይ!" የሚለኝ ሰው ስሜን ማወቅ አይጠበቅበትም። ያው ሰው ነው ስወድቅም የሚያነሳኝ። እናቴ "ማን አባቱ ነው ልጄን የተቆጣ" ብላ አታውቅም። "ምን አጥፍተሽ ነው?" ነው ጥያቄዋ።

እንግዳ ሲመጣ ልጅ ሳሎን አይገባም ነበር ወይ? ይገባል። ሥራ ይዞ ነው የሚገባው። ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጅ፣ መታጠቢያውን ሳህን በግራ፣ ፎጣውን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከትልቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ውኃው ሲበዛ እንግዳው "በቃ፣ እደግ!" ይላል። ቡና ሲፈላ "ሂጂ፣ ቡና ጠጡ በያቸው" ተብላ ልጅ በየደጃፉ ትላካለች። ቆሎውን በሳህን ይዛ ትዞራለች። ከዚያ በር ጥግ ትቆማለች ወይም እናቷ ሥር ትቀመጣለች። ጉርሻ ይደርሳታል። ጨዋታውን ትሰማለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ለማን ወንበር እንደሚለቀቅ የሚያስተምራት ሰው አያስፈልጋትም፤ አይታዋለች።

የኔ ልጆች ላውንጅ ሲገቡ ግን እንዲቀመጡ ብቻ ነው የተነገራቸው። ሥራ አልሰጠኋቸውም። ያወቁት ሰው የለም። ያለ ሥራ፣ ያለ ዘመድ፣ የማያውቁት ሰው መሃል አንድ ሰዓት ዝም ብለው እንዲቀመጡ ፈለግኩ። ታብሌቱን የሰጠኋቸው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ይህን ለሴትዮዋም ነግሬአቸዋለሁ።

የአገር ቤቱ ሁሉ ማር ነበር ለማለት አይደለም። ልጅ ሆኜ እንግዳ በልቶ እስኪጨርስ ጓዳ ጠብቄአለሁ። ትልቅ ሰው መሃል ጥያቄ ጠይቄ በዓይን ተቀጥቻለሁ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እየተባለ ሐሳቤ ሳይሰማ ቀርቷል። ልጄ ዛሬ ከአዋቂ ጋር ዓይን ለዓይን እያየች ስትነጋገር፣ "በዚህ አልስማማም" ስትል ደስ ይለኛል። ያንን የሰጣት ይህ አገር ነው። አልክደውም።

እኛም ብንሆን እዚህ ስንኖር በር መዝጋት ጀምረናል። ቨርጂኒያ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱ ውስጥ ሕፃናት ላሏቸው እናቶች ክፍል አለው። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የምንከታተለው። ልጅ ሲያለቅስ ዞር ብለው የሚያዩን ሰዎች ስለበዙ ራሳችን ወርደን ነው የቀረነው። ሥርዓቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ሰልፍ ሲያዝ ሕፃናቱ ናቸው የሚቀድሙት። በዚያ ሰዓት ከምድር ቤት ወጥተን ከሁሉ ፊት እንቆማለን። ከአንድ ሰዓት በፊት ዞር ብለው ያዩን ሰዎች መንገድ ይለቁልናል።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም አንድ ነገር አይቻለሁ። ስታር አልያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ጎልድ ካርድ ያለው ሰው ላውንጅ ሲገባ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም በሆነው ሼባማይልስ ላይ ነጥብ ያጠራቀመው ባለቤቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስንመለስ እሱና እኔ ከገባን ልጆቹ ትርፍ ሆኑ። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ደንቡን ነገረችን። ከዚያ ትንሹን አየችው። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጫማው ወልቆ በእጁ ይዞታል። "እሱን ይዛችሁ ግቡ" አለች፤ እህቱንም አብራ አስገባችልን። ውስጥ ቡና የምታፈላው ሴት ፈንዲሻ በእፍኙ ሰጠችው፤ እሱም መሬት ላይ በተነው። ማንም አልተቆጣም። "ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ" የሚባለው ይህ ነው። ደንቡን ጥሳለች ወይ? አዎ፣ ጥሳለች። ለሌላ ወላጅ ሌላ ሠራተኛ በሩን ልትዘጋበት ትችላለች። ለዚህ ነው ደንብ የሚያስፈልገው። እኔ ያንን ቀን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ግን ለእሷ ውለታ ብዬ ነው።

መርከቡ ላይም እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ያ መልእክተኛ የሆነው አስተናጋጅ። ፊሊፒኖ ነው። በማግስቱ ስናገኘው የአምስት ዓመት ልጅ እንዳለው ነገረኝ። ስልኩ ላይ አሳየኝ። ሴት ልጅ ነች፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። ኮንትራቱ ስምንት ወር ነው፤ አምስቱን ጨርሷል። ወንዱ ልጄን ናፕኪን አጣጥፎ ወፍ መሥራት ያስተማረው እሱ ነው። ቤይሩትና ዱባይ የሰው ልጅ እያሳደጉ የራሳቸውን በስልክ የሚያዩ እህቶቻችን ትዝ አሉኝ። በእኛና በዚያች ሴት መካከል ቆሞ እንዲሳቀቅ ያደረግነው ይህን ሰው ነበር። በጣም አዘንኩ።

አቋሜን ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ። ልጅ ይግባ። ጠዋት ቁርስና ቡና በሚቀርብበት ሰዓት፣ ቀን ላይ፣ ከወላጁ ጋር ይግባ። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ መጠጥ በሚቀዳበት ጊዜ ግን ለአዋቂው ይተው። ያችን ሰዓት ልጅ አልባ ማድረግ ልጅ መጥላት አይደለም። ለልጁም ቢሆን የሰከረ ሰው ሳቅ መሃል መቀመጥ ምን ይጠቅመዋል? ከዚያ ውጪ ያለው የወላጅ ሥራ ነው። ታብሌት ያለ ማዳመጫ አይከፈት። ልጁ ቢሮጥ ወላጁ ይነሳ። ሌላ ሰው ልጄን "ቀስ በል" ቢለው ደግሞ እኔ አልቆጣም፤ እንዲያውም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በመጨረሻው አልተስማማም። "እዚህ አገር ማን ምን ብሎ እንደሚናገር አታውቂም፤ የኛ ልጅ ጥቁር ነው" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄድን። እናቴ ቤት እንግዳ ተጠርቷል፤ ዘጠኝ ሰው። እናቴ ልጄን ጠርታ ማንቆርቆሪያውን አስያዘቻት፤ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። "ከጋሼ ጀምሪ" አለቻት። ልጄ ዞራ አየችኝ። "ሂጂ" አልኳት። የመጀመሪያው ላይ ውኃው በዝቶ የጋሼ እጅጌ እስከ ክርናቸው ድረስ ራሰ። "እደጊ፣ የኔ ልጅ፤ ቀጠን አድርጊው" አሏት። አቀጠነችው። ወንድሟ ሳሙናውን ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበር።