የኮልናጎን ድል ለገዢው አትስጡ

ኮልናጎ የተባለውን የጣሊያን ብስክሌት የሚጋልበው ስሎቬናዊው ታዴይ ፖጋቻር እ.ኤ.አ. በ2025 ቱር ደ ፍራንስን ለአራተኛ ጊዜ ካሸነፈ ወዲህ አንድ ወሬ ከስፖርት ተንታኞች አፍ አልጠፋ ብሏል። የኮልናጎ ቤተሰብ ሚላን አጠገብ ባለችው ካምቢያጎ ከስልሳ ዓመት በላይ ብስክሌት ሲሠራ አንድም የቱር ዋንጫ አላገኘም፤ የአቡ ዳቢው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ቺሜራ በግንቦት 2020 አብላጫውን ድርሻ በገዛ በአራት ወሩ ግን የቱሩ አሸናፊ የሚለብሰው ቢጫው ማሊያ መጣ፤ ስለዚህ የቤተሰብ ዘመን አክትሟል ይሉናል። ሰሞኑን አንዱ ይህንኑ እንደ አዲስ ግኝት ሲደግመው ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በአራት ወር ውስጥ አንድ ባለሀብት ቼክ የሚፈርመውን ሰው ይቀይር ይሆናል እንጂ የውድድር ብስክሌት ነድፎ፣ ሻጋታ አሠርቶ፣ ፈትኖ ለአሸናፊ አያስረክብም። በ2020ው ቱር እያንዳንዱ ጋላቢ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት የሰዓት ሙከራ፣ ፖጋቻር በላ ፕላንሽ ደ ቤል ፊይ ዳገት ግርጌ የሰዓት ሙከራ ብስክሌቱን ቀይሮ የወጣበትና የመሪውን የሮግሊችን የ57 ሰከንድ ብልጫ የገለበጠበት የኮልናጎው ቪ3 አርኤስ ከሽያጩ በፊት በ2019 የወጣ ሞዴል ነው። ቡድኑም ከ2017 ጀምሮ በኮልናጎ ይወዳደር ነበር። ሌላው አርሶ፣ ዘርቶና አርሞ ባደረሰው ማሳ ላይ ለአጨዳ የደረሰውን ሰው ታታሪ ገበሬ ብሎ ማሞገስ ምን ይሉታል?

እነዚህ ሰዎች የቤተሰብ ሥራ ሲባል የሚታያቸው በናፍቆት የሚኖር ሽማግሌ ብቻ ይመስለኛል። ኤርኔስቶ ኮልናጎ በ1954 ትንሿን ወርክሾፓቸውን ሲከፍቱ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ስመ ጥሩው የብስክሌት ጋላቢ ፊዮሬንዞ ማኚ እግሩን ሲያመው ሐኪም ሳይሆን እኚህ ወጣት ናቸው የፔዳሉ ክንድ ዘንግ ላይ የታሰረበት ሽብልቅ በትክክል አለመቀመጡን ያዩት፤ በሞረድ አስተካከሉት። ማኚም ለ1955ቱ የጣሊያን ዙር ውድድር፣ ለጂሮ ዲታሊያ፣ መካኒክ አድርጎ ወሰዳቸው፤ ውድድሩንም ፋውስቶ ኮፒን በ13 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ። ያ ሞረድ ከአሥራ ሦስቱ ሰከንድ ስንቱን እንደሰጠ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ እኔ ግን ሁሉንም ሰጥቷል ብዬ ብከራከር አላፍርም። በ1972 ቤልጂየማዊው ጋላቢ ኤዲ መርክስ በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደበት ብስክሌትም የእኚሁ ሰው እጅ ሥራ ነው፤ ክብደቱን ወደ 5.75 ኪሎ ግራም ለማውረድ ሰንሰለቱ ሳይቀር ተበስቷል። በካርበን ፍሬም በፈረንሳዩ የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ድንጋያማ መንገድ መወዳደር እንደ እብደት በሚታይበት ዘመንም ሲ40 የተባለውን የካርበን ብስክሌታቸውን ወደዚያ ላኩት፤ በ1996 ሦስት የማፔይ ቡድን ጋላቢዎች ተከታትለው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ገቡ። ፍሬሙ ቢሰበር ኖሮ አብሮ የሚሰበረው በላዩ ላይ የተጻፈው የራሳቸው ስም ነበር። የኢንቨስትመንት ኩባንያ ምን ይሰበርበታል?

የቪ3 አርኤስ ፍሬም በካምቢያጎ ሳይሆን በእስያ መመረቱን አልክድም። ነገር ግን ይህን የወሰነው ያው ቤተሰብ ነው፤ ከዘመኑ ጋር መራመድ አልቻለም የሚለውን ክስ የሚያፈርስ እንጂ የሚደግፍ አይደለም።

ካፒታል አዳኝ ነው የሚሉን ደግሞ ሌላውን የጣሊያን ብስክሌት ሠሪ ፒናሬሎን ይመልከቱ። ጆቫኒ ፒናሬሎ በ1951ዱ ጂሮ መጨረሻ ወጥተው ለመጨረሻው የሚሰጠውን ጥቁሩን ማሊያ የለበሱ ጋላቢ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ቦታቸውን ለሌላ እንዲለቁ በተከፈላቸው 100,000 ሊሬ በትሬቪዞ ሱቃቸውን ከፈቱ። ከውድድር በተባረሩበት ገንዘብ የውድድር ብስክሌት መሥራት የማንም የሂሳብ ባለሙያ ምክር ሊሆን አይችልም! ቤተሰቡ ያንን ስም ከስልሳ ዓመት በላይ ይዞ ቆየ። በ2016 ከሉዊ ቪቶን ባለቤቶች ጋር ለተሳሰረው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ኤል ካተርተን ሸጠው፤ በ2023 ደግሞ ካተርተን ለቀድሞው የማዕድን ኩባንያ ግሌንኮር ኃላፊ ለአይቫን ግላሰንበርግ አሳልፎ ሰጠው። አዳኝ የተባለው ካፒታል በሰባት ዓመት ውስጥ መጥቶም ሄዶም አበቃ። ቺሜራስ ኮልናጎን ለማን ሊሸጠው አስቧል? ተንታኞቻችን ስለ ቤተሰቡ ማርጀት ሲነግሩን ይህንንም አብረው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።