ክራሩንስ ማን ሠራው?

እዚህ አሜሪካ ጊታርና ዩኩሌሌ (ጊታር የሚመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ) የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ነገራቸው ያስቀናኛል። የሠሪውን ስም ያውቃሉ።

የምኖረው ደንቨር አካባቢ ነው። አንድ የማውቀው ጡረተኛ አለ፤ የቤቱ አንድ ክፍል ግድግዳው በሙሉ ጊታርና ዩኩሌሌ ነው። አንዱን አውርዶ ሲያቀብላችሁ ታሪኩንም አብሮ ያቀብላችኋል። የት ተሠራ፣ በስንት ዓመት፣ ፊቱ ምን እንጨት ነው፣ ጀርባው ምን እንጨት ነው፣ ከእሱ በፊት በማን እጅ ነበር፣ የቱ ጋ ተሰንጥቆ ማን ጠገነው። በድምፅ ቀዳዳው ባትሪ አብርቶ ውስጡ የታተመውን ቁጥር ያሳያችኋል። በዚያ ቁጥር የተሠራበት ዓመት ይገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ቤቶች ኑ። ዲያስፖራው ከአገር ሲመለስ ክራር ይዞ ይመጣል፣ መሰንቆ ይዞ ይመጣል። ሳሎን ይሰቀላል። ቆንጆ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ማን ሠራው ብላችሁ ጠይቁ። "ከሱቅ ነው የገዛሁት" ትባላላችሁ። ምን እንጨት ነው? አይታወቅም። ቆዳው የበግ ነው የፍየል? አይታወቅም። ክሩን ነካ ስታደርጉት ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም እንዳልቃኘው ይገባችኋል። ያው ክራሩን የሰቀለው ሰው ግን ጊታር ካለው ሞዴሉንና ዓመቱን ሳያመነታ ይነግራችኋል። ይሄ ያንገበግበኛል።

እስቲ የፈረንጆቹን ጉዳይ እንየው። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ከጀርመን ተሰድዶ በ1833 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ጊታር መሥራት ጀመረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ ዞረ። ድርጅቱ ዛሬም የዚያው ቤተሰብ ነው። ዩኩሌሌም እንዲሁ የስደተኛ ሥራ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ማዴይራ ከምትባለው የፖርቱጋል ደሴት ሠራተኞች የጫነች መርከብ ሆኖሉሉ ገባች። ከተሳፋሪዎቹ መሀል ሦስት የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኢስፒሪቶ ሳንቶ። የሄዱት ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሊሠሩ ነው። ቆይተው ከአገራቸው የሚያውቁትን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ እዚያው ሃዋይ በሚበቅለው ኮአ በሚባል እንጨት መሥራት ጀመሩ፤ ዩኩሌሌ ከዚያ ተወለደ። ሦስት ስደተኛ አናጢዎች ናቸው፤ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላም ስማቸው በክብር ይነሳል። በ1916 እ.ኤ.አ. ሆኖሉሉ የተከፈተው ካማካ የሚባለው ቤትም እስከዛሬ በቤተሰቡ እጅ ዩኩሌሌ ይሠራል።

ስም ሲያዝ ዋጋ ይመጣል። የኒርቫና ባንድ ዘፋኙ ከርት ኮቤይን በ1993 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን የተጫወተበት የ1959 ማርቲን ጊታር በ2020 ጨረታ ላይ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ይሄ ጫፉ ነው፣ ተራ ሰው አይደርስበትም። ግን ተራው ሰብሳቢም ቢሆን ለሚያውቀው ሠሪ ሥራ ጨመር አድርጎ ይከፍላል፣ ሠሪውም በዚያ ገንዘብ ልጁን ሙያውን ያስተምራል።

እኛ ጋ ስሙ ለምን ጠፋ? ድህነት ብቻ አይመስለኝም። በእጁ ሠርቶ የሚበላን ሰው ስንንቅ ኖረናል። ብረት የቀጠቀጠውን፣ ቆዳ የፋቀውን፣ ሸክላ የሠራውን ስም እየለጠፍን ስንሸሸው ነው የኖርነው። አዝማሪ ማለት ራሱ ስድብ ነበር፣ በሠርጉም በድግሱም ግን ያለ እሱ አይሆንልንም። ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ አፍን ቢይዝም ልብን መያዝ ከባድ ነው። የሚናቅ ሰው ደግሞ ሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም።

ጌታቸው መኩሪያን አስቡ። የይፋት ልጅ ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ተጫውቶ ዓለምን ያስደመመ ሰው። የጀመረው ግን በክራርና በመሰንቆ ነው። ስለ ሳክስፎኑ ብዙ ተጽፏል፤ ያንን የመጀመሪያውን ክራር ማን እንደሠራው የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስሙ የለም ማለት ግን አይደለም። ጠያቂ ነው የጠፋው። ደብረ ሲና ከአንድ መሰንቆ ተጫዋች ጋር ቁጭ ብዬ ስናወራ፣ "ጋሼ፣ ይሄ መሰንቆ ስንት ዓመቱ ነው?" አልኳቸው።

"የቱ ልጄ? ቆዳው የካች አምና ነው። ጭራው የዘንድሮ ነው። አንገቱ የአባቴ ነው።"

ማን ሠራው ስላቸው የሠሪውን ስም ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ነገሩኝ። እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠም ያውቃሉ። ደንቨር ያለው ጡረተኛ ስለ ጊታሩ ከሚነግረኝ በምን ያንሳል? ምንም አያንስም። ልዩነቱ የእሱ ተጽፏል፣ የእኛው በጋሼ ጭንቅላት ብቻ ነው ያለው።

ስለ መምረጥም ላውራ፣ ምክንያቱም የዚህ አገር ሰብሳቢዎች ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቦክስ ጊታር ሲገዙ መጀመሪያ ፊቱን ያያሉ። አንድ ወጥ እንጨት ነው ወይስ ኮምፐርሳቶ? በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የእንጨቱ መስመር ወደ ውስጥ ቀጥሎ ከታየ ወጥ ነው፣ ተደራርቦ ከታየ የተለጠፈ ነው። ወጥ እንጨት እየተጫወቱበት ሲሄድ ድምፁ ይከፈታል ይባላል። ከዚያ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይን አስጠግተው አንገቱ መጣመሙን ያያሉ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ክሩ ከእንጨቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካሉ፤ በጣም ከራቀ ጣት ይቆርጣል፣ በጣም ከቀረበ ይንጫጫል። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር አንገቱ ሰፊ ነው፣ ከላይ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ የብረት ክር ያለው ግን 43 ወይም 44 ነው። እጁ ትንሽ የሆነ ጀማሪ ይሄን ሳያይ ገዝቶ ተስፋ ይቆርጣል። ዩኩሌሌ ደግሞ በመጠን አራት ዓይነት ነው፤ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነር፣ ባሪቶን። ለልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

ይሄንኑ ዓይን ክራር ላይ አምጡት። እንጨቱ ደርቋል ወይስ እርጥብ ነው? እርጥብ ከሆነ ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ምሰሶዎች ገንዳው (ቆዳ የሚወጠርበት ጎድጓዳው አካል) ላይ ጠብቀው ተተክለዋል ወይስ ይነቃነቃሉ? ቆዳውን ዙሪያውን በጣት መታ መታ አድርጉት፤ አንዱ ጎን ላላ ካለ ድምፁ ይለያል። ቃኙትና ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡት። ቅኝቱን ይዞ ከቆየ ጥሩ ነው፣ ከለቀቀ ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግድም እንጨት) ላይ ያለውን ማሰሪያ እዩ። መሰንቆ ከሆነ የፈረስ ጭራው በደንብ መታሰሩን፣ ደጋኑ ዕጣን መያዙን እዩ። ይሄን ሁሉ ስትጠይቁ ሻጩ ይደነግጣል፣ ሠሪው ግን ደስ ይለዋል። ሠሪ ዘንድ ሂዱ የምለውም ለዚህ ነው።

አየሩም ጉዳይ ነው። ደንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ክረምቱ ደረቅ ነው፣ ማሞቂያው ሲጨመርበት እንጨት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ላይ ይጠብቁታል፣ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ያደርጋሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ በጋው ውርጭና ደረቅ ነፋስ ነው፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ፊት ያረጥባል፣ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲገባ ቆላው ይቀበላል። በአንድ ቀን መንገድ ቆዳ ሦስት ጊዜ ጠባዩን ይቀይራል። ጋሼ መሰንቆውን እሳት ዳር ትንሽ ሞቅ አድርገው ነው የሚጀምሩት፣ ቆዳው እስኪጠና። ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ክራር ማሞቂያ ባለበት ቤት ዝም ብሎ እየደረቀ ነው። ለጊታሩ ስፖንጅ የገዛ ሰው ለክራሩም ይግዛ።

ዩኩሌሌን ስወድ አንዳንድ ወዳጆቼ የልጅ መጫወቻ ነው ይሉኛል። አይደለም። የዩኩሌሌ አራት ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ነው የሚቃኙት። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝታችን ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አያችሁ? ክሩን ሳትጫኑት ከትዝታ አምስት ድምፆች አራቱን አግኝታችኋል። የቀረችው ሬ ናት፤ እሷም ዶ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቁጭ ብላለች። እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ይሄ ትልቅ በር ነው። ክሩ ለስላሳ ናይለን ስለሆነ ጣት አያሳምም፣ ዋጋውም አይከብድም። ሲያድጉ ወደ ክራር ለመሻገር ጆሯቸው ዝግጁ ይሆናል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይ ሲደርሱ ግን ፍሬት እንደማይበቃ ራሳቸው ይሰሙታል፤ መሰንቆ ፍሬት የለውም፣ ጣት እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንሸራተትበታል፣ ያንን በብረት መስመር የተከፋፈለ አንገት ላይ ማግኘት አይቻልም።

አገር ቤት ከእኛ የሚበልጥበት ነገርም አለ፣ እሱን ሳልል አላልፍም። ደብረ ብርሃን ያየኋቸው ወጣቶች አንድ ቦክስ ጊታር ለአራት ለአምስት ይጋራሉ። ክር ሲበጠስ ቋጥረው ይቀጥላሉ። አንዱ ከዘማሪዎች ጋር ተምሮ ለጓደኛው ያሳያል፣ ጓደኛው ለታናሽ ወንድሙ። ያ ጊታር ሠሪው የማይታወቅ የፋብሪካ ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እዚህ ግን ከሳጥኑ ሳይወጣ ዓመት የሚሞላው ውድ ጊታር ስንት አለ! ለእነዚያ ልጆች ስትሄዱ ሌላ ርካሽ ጊታር አትውሰዱላቸው። ጥሩ ክር ውሰዱ፤ ቀላል ነው፣ ቦታ አይዝም፣ እነሱ ጋ ግን እንደልብ አይገኝም።

ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ ክራርና መሰንቆ ለሚሠራ ሰው ስጡ። አትከራከሩት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስሙን፣ መንደሩን፣ የእንጨቱን ዓይነት ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን ለማሠራት ቀድማችሁ እዘዙና፣ ቆዳው ከመወጠሩ በፊት ገንዳው ውስጥ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በእጁ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። ከተወጠረ በኋላ እጅ አይገባም። ቀጣዩ ቆዳ የሚቀይር ሰው ሲከፍተው ያነበዋል፣ የራሱንም ከሥሩ ይጨምራል።