በምርምር ዜና ተማምናችሁ ሕክምናችሁን አታቋርጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ልገሥጻችሁ ነው። የምርምር ዜና በወጣ ቁጥር መድኃኒት ተገኘ ብላችሁ ትቀበላላችሁ፤ የተቀበላችሁትንም ሳታጣሩ ለታመመ ዘመድ ትልካላችሁ፤ የተላከለት ሰው ደግሞ የላካችሁት እናንተ በመሆናችሁ ብቻ ያምነዋል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወረውን ቪዲዮ ታውቁታላችሁ። እንደ ውኃ የጠራ የዓይን ሌንስ በጣት ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ በዳርቻው እንደ ቀለበት የዞረ ቀጭን ሽቦ ያብረቀርቃል፤ ከበስተኋላ የሚሰማው ጎርናና ድምፅ ከእንግዲህ ጣት መውጋት እንደ ቀረና የስኳር ሕመም እንዳበቃለት ያውጃል። እናንተ በቅንነት ለእናታችሁ ልካችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ ስታልፉ፣ እሳቸው ግን ያዩትን እያሰላሰሉ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ይህን ጣቴን በየጠዋቱ ለምን እወጋዋለሁ ይላሉ፤ የደም ጠብታ የሚነካው የመለኪያው ስትሪፕ እንደሆነ ተወድዷል፣ ቀጠሮውም ገና ሩቅ ነው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ስኳራቸውን ሳይለኩ ይከርማሉ።

የዚያን ሌንስ ታሪክ እስከ መጨረሻው የነገራችሁ ስለሌለ እኔ ልንገራችሁ። ዓመታቱንም ወራቱንም የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በጥር 2014 ጉግል በእንባ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ ሌንስ እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። በሁለት ስስ የሌንስ ንጣፎች መካከል በዓይን ለማየት የሚያዳግት ቺፕና የስኳር መለኪያ ሴንሰር ተቀብሮ፣ ከፀጉር የቀጠነ አንቴና ተገጥሞለት፣ የሙከራው ናሙና በየሰከንዱ አንድ ውጤት ማውጣት ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ኖቫርቲስ የተባለው ታላቅ የመድኃኒት ኩባንያ በዓይን ሕክምና ቅርንጫፉ በአልኮን በኩል ሥራውን ለመጋራት ተስማማ። ገንዘብ፣ ዕውቀትና ስም ሳይጎድለው ከአራት ዓመት በላይ ከተደከመበት በኋላ፣ ፕሮጀክቱን የተረከበው ቬሪሊ የተባለ እኅት ኩባንያ በኅዳር 2018 ሥራውን ማቆሙን ገለጸ። ምክንያቱንም አልደበቀም። በእንባ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በደም ውስጥ ካለው ጋር ያለው ዝምድና ሲለካ ውጤቱ እየዋዠቀ፣ ለሕክምና መሣሪያ በሚበቃ ደረጃ ሊጸና አልቻለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። በእንባ ውስጥ ያለው ስኳር ከደሙ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዓይን ሲቆጣና እንባው ሲበዛም መጠኑ ይለዋወጣል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስንት እንደሚወጋ የሚወስነው መለኪያው ላይ ያነበበውን ቁጥር ይዞ ነው። ስኳሩ 60 ወርዶ ሳለ መሣሪያው 160 ብሎ ቢያሳየው፣ ከረሜላ መብላት የነበረበት ሰው መርፌ ይጨምራል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደራሽ ካላገኘ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ሌንሱ በየሰከንዱ ቁጥር ማውጣቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ቁጥሩ እውነት መሆኑ ነበር ጥያቄው፤ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ኩባንያውም አቆመ። የሳይንስ ክብር እንዲህ ማቆም መቻሉ ነው። እኛ ግን የ2014ቱን ምሥራች ተቀባብለን የ2018ቱን ማቆም ሳንሰማ፣ ይኸው ዛሬም ቪዲዮውን እንደ አዲስ እንላላካለን።

ሁለተኛው ምሳሌም ከዚያው ከዓይን ሌንስ አልራቀም። ሞጆ ቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሩዝ ፍሬ በእጅጉ ያነሰ ስክሪን በሌንስ ውስጥ ቀብሮ ጽሑፍና ሥዕል በዓይን ላይ ሊያሳይ ተነሣ፤ ተስፋ ካደረገባቸውም መካከል የማየት አቅማቸው የደከመ ሰዎችን መርዳት ይገኝበታል። በ2022 የኩባንያው ኃላፊ ራሱ ሌንሱን በዓይኑ አድርጎ ሞከረው፤ ዓለምም አጨበጨበ። በጥር 2023 ኩባንያው የገንዘብ ችግርን ጠቅሶ የሌንሱን ሥራ አቆመ፣ ከሠራተኞቹም አብዛኛውን አሰናበተ። ጭብጨባውን በአማርኛ አይተነዋል፤ ስንብቱን ግን የተረጎመልን የለም።

ይህን የምለው ቴክኖሎጂውን ንቄ እንዳይመስላችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ በመስታወቱ ሥር ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የሚባል ስስ ሽፋን ሳይኖረው አይቀርም፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ቁስ ሲገናኙ ብርቅ ነው። የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ሂዴዎ ሆሶኖና ባልደረቦቻቸው በ2004 ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ አሳላፊ ትራንዚስተር፣ ማለትም የስክሪን ነጥቦችን የሚያበራና የሚያጠፋ ጥቃቅን ማብሪያ፣ በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ላይ ማኖር እንደሚቻል አሳዩ፤ ሻርፕ በዚህ ቁስ የሚሠሩ ስክሪኖችን በብዛት ማምረት የጀመረው በ2012 ነው። ኤልጂ በ2024 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ ላይ ያሳየው አሳላፊ ቴሌቪዥን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 60 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ ስክሪን ሲበላሽ የምትጠፋው አንዲት ነጥብ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ከላቦራቶሪ እስከ ፋብሪካ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ሲሳሳት ሰው ከሚጎዳበት ነገር ጥድፊያ የምትጠብቁት ታዲያ በምን ሒሳብ ነው?

ተፈትነው ያለፉም አሉ። በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትሪገርፊሽ የተባለውን ሌንስ ፈቀደ፤ ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም ያለበት ሰው እስከ 24 ሰዓት አድርጎት ይውላል፣ ያድራል፤ ሌንሱም የዓይኑን ቅርጽ ጥቃቅን ለውጥ ይመዘግባል። የዓይን ግፊትን በቁጥር እለካለሁ አይልም፤ ለውጡ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ ብቻ ለሐኪሙ ያመለክታል። ያለፈውም የሚችለውን ያህል ብቻ ቃል በመግባቱ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የቀዶ ሐኪም ራሱ ላይ አጥልቆ ከዓይኑ ፊት የሚያደርገው አሳላፊ ስክሪን ፈቃድ አገኘ፤ ሐኪሙ ከታካሚው ጀርባ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ የአከርካሪ አጥንቱን የሲቲ ስካን ምስል በቦታው ተደርቦ ያየዋል። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ አከርካሪውን ለማጽናት የሚገባው ብሎን አጥንቱ ውስጥ በትክክለኛው ቦታ መግባት አለመግባቱ በሬሳ ላይ እየተለካ ተፈትኗል። በቪዲዮ ማማሩን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው።

ኢንሱሊንስ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰው ላይ አልደረሰም ወይ የሚል ተከራካሪ አላጣም። ደርሷል። በ1921 ቶሮንቶ ላይ በውሾች ተሞክሮ በጥር 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ ግን የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም፣ ቅመሙ በደንብ ስላልተጣራ የተወጋበት ቦታ አበጠ። የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶት ከ12 ቀን በኋላ ሲደገም ነው ልጁ ያገገመው። ደግሞም ያን ጊዜ የዚያ ልጅ ሌላው አማራጭ ሞት ብቻ ነበር፤ ሐኪሞቹ የሚያስጥሉት መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ግን እናታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን አለ። አዲስ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚያ ኢንሱሊንና ከዚያ ስትሪፕ እንደማያንስ በሰው ላይ ሳይመሰክር፣ በእጅ ያለውን የሚያስጥል አንዳች መብት የለውም።

እኛም ይህን ከራሳችን አገር ልንማር ይገባን ነበር። በመጋቢት 2020 ጤና ሚኒስቴርና የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከባህል ሕክምናና ከዘመናዊ ሳይንስ ተዋሕዶ የተዘጋጀ የኮሮና መድኃኒት የመሠረታዊ ምርምርን ደረጃ ማለፉን፣ ቀጣዩም በእንስሳትና በሰው ላይ መሞከሩ መሆኑን ገለጹ። ስንቶቻችን ነን የዐረፍተ ነገሩን ሁለተኛ አጋማሽ የሰማነው? መድኃኒቱ ተገኘ ተብሎ በየቤቱ እልል ተባለ፤ ሙከራው የቀረው መሆኑን የሚናገር ሰው እንደ አገር ጠላት ታየ።

በተቃራኒው ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሆነውን አንድም ሰው ሲልከው አላየሁም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዛቸው ሰዎች እስከ 20 ወር ድረስ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ለወራት መርፌ እየተወጉ። ስትሪም የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ከ2012 ጀምሮ ከ400 በላይ ታማሚዎችን መዝግቦ፣ ከዘጠኝ እስከ 11 ወር የሚፈጅ አጭር ሕክምና ማን እንደሚወስድና በቀድሞው ማን እንደሚቀጥል በዕጣ ለየ። ዕጣው ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ይድናል ብሎ የገመተውን ሰው ወደሚወደው መድኃኒት እንዳይመድብ ያግደዋል። ታማሚዎቹ በተመደቡበት ቡድን ሆነው ወር በወር አክታቸውን እየሰጡ፣ ሕክምናው ካበቃም በኋላ እየተመላለሱ ተከታተሉ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ ታወቀ፤ በቀጣዩም ዙር መስማትን የሚጎዳው መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ሊተካ እንደሚችል ታየ። በዓለም ዙሪያ ስንት በሽተኛ ከተጠቀመበት ከዚህ ሥራ ውስጥ የአዲስ አበባ ታማሚዎች ትዕግሥት አለበት። የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሌለው ግን አላያችሁትም፤ ዜና ጸሐፊዎቻችንም የውጭ ኩባንያ መግለጫ ለመተርጎም የሚያባክኑትን ጉልበት ሩቡን እንኳ ለዚህ አልሰጡትም። እነዚሁ ጸሐፊዎች ናቸው በአይጥ ላይ የሚለውን ሐረግ ከርዕሱ አውጥተው ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚቀብሩት።

እንግዲህ ዜናውን ስታዩ በማን ላይ ተሞከረ፣ ስንት ሰው ነበር፣ ከየትኛው ሕክምና ጋር ተነጻጸረ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እዚያው ከሌለ ለታመመ ሰው አትላኩት። ለሚፈልግ ጓደኛ ለወሬ ያህል ላኩት፤ ያን አልከለክልም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያላችሁም ከዚህ ተግሣጽ አትድኑም። በየካቲት 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ሳይወጋ ስኳር ይለካል የተባለ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እናንተ በዚያው አገር እየኖራችሁ ያንኑ ሰዓት በሻንጣ ታስገባላችሁ። እውነተኛውን የጣት መለኪያ የላካችሁትም ብትሆኑ ብዙ ጊዜ ስትሪፑን ትረሳላችሁ፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፣ የእናንተው ማሽን ስትሪፕ ደግሞ እዚህ አይገኝም፤ የመጀመሪያዋ ዕቃ ስታልቅ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ እናታችሁ ሰፈር ያለው ፋርማሲ የየትኛውን ማሽን ስትሪፕ እንደሚይዝ ጠይቁ፤ ሰዓቱን ልትገዙበት ያሰባችሁትን ገንዘብም ለዚያ ስትሪፕ አውሉት።